የደራ ዳገት ስምንት ሰከንድ

ናዝሬት፣ ኅዳር 3 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሽኩር፤

ዋሽቼሃለሁ። ሰላምታዬ ከታች ይመጣል። መጀመሪያ ይኸን ካልጻፍኩ እንደ ልማዴ ስለ ጤናህና ስለ ልጆችህ ስጠይቅ ወረቀቱ ያልቅና ነገሩን ደግሞ ለሌላ ቀን አሳድረዋለሁ።

ነሐሴ ላይ «የላክሁልህ ካምሻፍት እንዴት ሆነ? መኪናዋ ጎተተች ወይ?» ብለህ ስትጠይቀኝ «እንደ አንበሳ!» ብዬ መለስኩልህ። መስከረም ላይ የአደጋውን ወሬ ስጽፍልህ ደግሞ «ካሙ ይሆን እንዴ ብዬ አሁን ገና ጠረጠርኩ» አልኩህ። ሁለቱም ውሸት ነው። ከአደጋው ስድስት ቀን በፊት አውቄ ነበር።

ነገሩን በቁርጥራጭ ስለነገርኩህ ከሥሩ ልጻፍልህ። የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ የሚሄዱባት ነጭ የቤት መኪና አለች፤ አንድ ስዊድናዊ ባለሙያ ወደ አገሩ ሲመለስ የተዋት፣ ተርቦ የሚሉት ጉልበት መጨመሪያ ያላት። ኃላፊው አንድ የውጭ መጽሔት ላይ እሽቅድምድም የሚወዱ ሰዎች የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተውን ካም እየለወጡ ጉልበት እንደሚጨምሩ አነበቡ። ጋራዥ ድረስ መጥተው ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ «ጓድ ብዙነህ፣ ይኸ አንተን ያቅትሃል?» አሉኝ። አያቅተኝም አልኩ። ምን እንደምል ሳላስብ ነው አፌ የመለሰው። ከዚያ ላንተ ጻፍኩ፣ አንተም ከጅቡቲ ሾፌሮች አፈላልገህ ላክህልኝ፣ ነሐሴ 6 ገጠምኩት።

ነሐሴ 8 ለብቻዬ ይዣት ወደ ሞጆ መንገድ ወጣሁ። ሜዳው ላይ፣ ከመቶ በላይ፣ እውነትም ትበራለች። ስመለስ ግን አንዲት ዳገት ላይ ከአንድ ከባድ መኪና ኋላ ተይዤ ቀዘቀዝኩ፤ ልቀድም ብዬ ነዳጅ ስረግጥ ተኛችብኝ፣ አልጎትት አለች። ሽኩር፣ ሠላሳ ዓመት ሞተር ስሰማ ኖሬአለሁ፤ ያን ድምፅ መሳት አልችልም። ጋራዥ ገብቼ ሞተሩን አጠፋሁና ከመሪው ላይ እጄን ሳላነሳ ትንሽ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወርጄ በሙከራ ወረቀቱ ላይ «የሞተሩ ጉልበት ጨምሯል» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። በማግሥቱ በሠራተኛው ስብሰባ ኮከብ ሠራተኛ ተብዬ ልሸለም ነበር፤ የምሸለመውም በዚችው መኪና ሥራ ነበር።

ነሐሴ 14 ፈይሳ ኃላፊውን ይዞ ወደ አሰላ ወጣ። ሾፌሩን ፈይሳን ታውቀዋለህ፤ ባለፈው ዓመት ድሬዳዋ ሲመጣ ቤትህ ምሳ የበላው፣ ረጅሙ። ደራን አልፎ ወደ ኢተያ በሚወጣው ዳገት ማዳበሪያ የጫነ መኪና ከፊቱ እየዳኸ ነበር። ኃላፊው ከኋላ ወንበር «ቅደመው እንጂ! ይቺን ሞተር ለጌጥ ነው ያሠራናት?» አሉት። ወጣ። ተኛችበት። ከከባዱ መኪና ጎን ለጎን እንደሆነ አውቶቡስ ከላይ መጣ፤ ወደ መንገዱ ዳር ጠመዘዘ፤ እዚያ ወይዘሮ ጉዲቱ የምትባል የደራ ሴት ከገበያ ወደ ቤቷ እየሄደች ነበር። እዚያው ሞተች።

ፈይሳ ፍርድ ቤት ያለው አንድ ነገር ነው፤ «መኪናዋ አልጎተተችልኝም።» ዐቃቤ ሕጉ የኔን ወረቀት አነሳ። ጉልበቷ ጨምሯል ይላል፣ በኮከብ ሠራተኛ እጅ የተፈረመ። ኃላፊውም ቅደም አላልኩትም ብለው መሰከሩ። አምስት ዓመት ፈረዱበት። እኔ ችሎቱ ውስጥ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር።

ሰላምታዬ ይኸው። ለባለቤትህ፣ ለልጆቹ ሁሉ። ደብዳቤውን በፖስታ አልላክሁትም፤ የባቡሩ ተቆጣጣሪ ሁንዴ በእጁ ይሰጥሃል። የምትመልስልኝ ከሆነ በእሱ ላክልኝ። የማትመልስልኝ ከሆነም አይገርመኝም።

ብዙነህ

———

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 19 ቀን 1978

አቦ ብዙ!

የነሐሴን ደብዳቤ አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት። አንበሳ! ያንን አንበሳህን ለሦስት ሰው አውርቼዋለሁ። አንዱማ ለኔም ፈልግልኝ ብሎ ወጥሮ ይዞኝ ነበር፤ አሁን ምን ልበለው? አንበሳው እንቅልፋም ሆነ ልበለው?

እቀልዳለሁ እንጂ አልሳቅሁም። ፈይሳን አስታወስኩት። እዚህ ሲመጣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ትንሿ ልጄ በአንዱ ጫማ ጓሮ ለጓሮ ስትዞርበት ቁጭ ብሎ የጠበቃት ሰው ነው። ዋላሂ አንተን በዚች ሰዓት ባገኝህ ምን እንደማደርግህ አላውቅም። ስንት ዓመት በባቡር ጋራዥ አንድ ቶርኖ ላይ እጅ ለእጅ የሠራን ሰዎች ነን፤ የተበላሸ ሥራ ደብቀን አናውቅም ነበር። ያ ፈረንሳዊ ሹም የሰበርከውን ዘንግ አንስቶ «ማን ነው?» ሲል «እኔ ነኝ ሙሴ» ብለህ የወጣኸው አንተ አይደለህም?

አሁን ስለ ሥራው። የኔንም ጥፋት ልንገርህ። ያ ካም ለውድድር የተቀረጸ ነው። ቫልቮቹን ረጅም ጊዜ ከፍቶ ያቆያቸዋል፤ መግቢያውና መውጫው አንድ ላይ ተከፍተው የሚቆዩበት ጊዜም ይበዛል። ሞተሩ ሲሮጥ ያ ይጠቅመዋል። ሲያዘግም ግን የገባው አየር ሳይነድ ያመልጣል፤ ተርቦ ባለበት ሞተር ላይ ደግሞ ተርቦው ፊት ታፍኖ የቆመው ጭስ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይገባል። ጭሱ ሲደክም ተርቦው አይዞርም። ተርቦው ካልዞረ ያቺ መኪና ትልቅ ቤት የተሸከመች ትንሽ ሞተር ናት። ይኸን አውቅ ነበር፣ አልጻፍኩልህም። ታውቃለህ ብዬ ነው።

ግን እስከዚህ ድረስ መተኛቷን አልወደድኩትም። ካም ብቻውን እንዲህ አያደርግም። እንዴት ነው የገጠምከው? ሳጥኑ ውስጥ የነበረው የጣልያንኛ ወረቀትስ የት ነው? በወሬ አታስረዳኝ፤ ሰዓት ይዘህ ለካና ጻፍልኝ።

ሽኩር

———

ናዝሬት፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1978

ለወንድሜ ለሽኩር፤

የተቆጣኸውን ሁሉ ተቀብያለሁ። ስለ ዘንጉ ያልከውን ግን ባትጽፈው ይሻለኝ ነበር፤ ሦስት ቀን ከጆሮዬ አልወጣም።

መጀመሪያ ሎሚ መጣች። የፈይሳ ሚስት ናት። ልጇን አዝላ፣ የስንቅ ሳህኑን በእጇ ይዛ ከወህኒ ቤት ስትመለስ ጋራዡ በር ላይ ቆመች። «አካም ጅርቱ ጋሼ» አለችኝ፤ ደህና ነኝ አልኳት። ግቢ ብላት እንቢ አለች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው። ፈይሳ ይዋሻል። ደመወዙን ይዋሸኛል፣ የት እንዳመሸ ይዋሸኛል፣ አውቀዋለሁ። ሲዋሽ ጆሮውን ይነካል። ስለ መኪናዋ ሲነግረኝ ግን አይነካም። እንቢ አለችኝ ነው የሚለው። እርስዎ መኪና ያውቃሉ። መኪና እንቢ ይላል?»

«አንዳንዴ» አልኳት።

«አንዳንዴ ማለት?»

«አንዳንዴ… ዳገት ላይ።»

«ታዲያ እሱስ ዳገት ላይ አይደል የነበረው?» አለችኝ። ዓይኔን ስታጣው ልጁን ወደ ላይ አስተካክላ ሄደች። ራፖር ጻፊ ዘንድ ሄዳ ይግባኝ አስጽፋለች፤ የሚሰማው የካቲት 4 ነው። ጻፊው «መኪና የሚያውቅ ምስክር ካለሽ አምጪ፣ ከሌለሽ ድካም ነው» ብሏታል።

መኪናዋ ፊቷ ብቻ ነው የተጎዳው፤ ቆርቆሮዋ ተጠግኖ አሁን ጋራዤ ውስጥ ናት። ሞተሯ ምንም አልሆነም፤ ማንም አልነካውም። ከሄደች በኋላ ያልከኝን አደረግሁ። ወደ ሞጆ በሚወጣው ዳገት ግርጌ የኪሎሜትር ድንጋይ አለ፤ ከላይ ደግሞ ትንሽ የውሃ መውረጃ ድልድይ። ድንጋዩ ጋ በሦስተኛ ማርሽ፣ በአርባ ደርሼ፣ እስከ መጨረሻው እረግጣለሁ። ድልድዩ ጋ ሰዓት አያለሁ። ሦስት ጊዜ ሄድኩ፤ ሃያ ዘጠኝ ሰከንድ። ከዚያ የጥንቱን ካም መልሼ ገጠምኩና በማግሥቱ በዚያው ሰዓት፣ ያንኑ ያህል ቤንዚን ይዤ ወጣሁ። ሃያ አንድ።

ስምንት ሰከንድ። ሁለተኛውን ጊዜ ድልድዩ ላይ ስደርስ ሰዓቱ የቆመ መስሎኝ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት።

የገጠምኩት ምልክት ለምልክት ነው፤ እዚያ የባቡር ጋራዥ እንደለመድነው። የካሙን ጥርስ ምልክት ከሞተሩ ራስ፣ ከቴስታታው ምልክት ጋር አገጣጠምኩ፣ የቺንጋውን ቀበቶ አሰርኩ፣ አበቃ። ወረቀቱን አላነበብኩትም። ሳጥኑን የከፈትኩት ኃላፊው አጠገቤ ቆመው ነው። «ጣልያንኛ ታነባለህ?» አሉኝ። «ትንሽ ትንሽ» አልኩ። አንተ ታውቃለህ፣ እኔ የማውቀው ጣልያንኛ የዕቃ ስምና ስድብ ነው። አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩትና በዚያው ቀረ። ይኸው ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ፤ አንብብልኝ።

ብዙነህ

———

ናዝሬት፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1978

ለወንድሜ ለሽኩር፤

የተረጎምክልኝ ደረሰኝ። «የፋብሪካው ምልክት ለዚህ ካም አይሠራም» የሚለውን መስመር ቀይ እስክሪብቶ ያሰመርክበት ምንም ማመካኛ እንዳይቀርልኝ ነው? አንብቤዋለሁ። በአምስተኛው ቃል ላይ ነው ሁሉ ነገር ያለው። ያን ዕለት ጋራዡ በር ላይ ከሚያልፉት ሽማግሌ ሾፌሮች አንዱን ጠርቼ «ይኸ ምን ይላል?» ብል ኖሮ በአንድ ትንፋሽ ያነብልኝ ነበር።

ወረቀቱ እንደሚለው አድርጌ አዲሱን ካም እንደገና ገጠምኩት፤ አንድ ጥርስ ወደ ፊት። ያንኑ ዳገት ወጣሁ። ሃያ ስድስት።

ስለዚህ አሁን ቁርጡን አውቀናል። ካሙ በደንብም ቢገጠም ዳገት ላይ አምስት ሰከንድ ይሰርቃል። ሜዳ ላይ ከመቶ በላይ ይመልሰዋል፣ እሱን አልክድም፤ ግን በኛ መንገድ፣ በከባድ መኪናና በአህያ መሃል፣ ማን ነው ከመቶ በላይ የሚኖረው? አምስቱ የካሙ ነው። ሦስቱ ግን የኔ እጅ ነው።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለሌላ ሰው የማልናገረውን። ዳገቱን ለሦስተኛው ሙከራ ልወጣ ድንጋዩ ጋ ቆሜ ጸለይኩ። የጸለይኩት «ጌታ ሆይ፣ ሃያ ዘጠኝ አድርገው» ብዬ ነው። ሁሉም ካሙ ላይ እንዲያርፍ። አሜን ካልኩ በኋላ ነው ምን እንደለመንኩ የሰማሁት። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ የሺዓለም በሕይወት ሳለች፣ እኔ ጮክ ብዬ ጸልዬ ስጨርስ ከአጠገቤ «አሁን ደግሞ እውነቱን ንገረው» ትለኝ ነበር። እስቅባት ነበር። ከሞተች አራት ዓመቷ ነው፤ እንዲህ የሚለኝ ሰው የለም።

ከትርጉሙ ጋር «ዝም ብትልስ?» ብለህ የጻፍክልኝን አስቤበታለሁ። ላንተ መልስ ከመጻፌ በፊት ለራሴ ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ፤ ምክንያትም ነበረኝ። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ አሥራ ሁለት ሰው እኔ ቤት ይሰበሰባል። የምንዘምረው በከንፈር ብቻ ነው። ቀበሌው ቤቴን የማይነካው ኮከብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ነው። እኔ ከተያዝኩ እነሱ ምን ይሆናሉ እል ነበር። ጥሩ ምክንያት ነው፣ አይደል? ችግሩ ነሐሴ 8 ያንን ወረቀት ስፈርም ከአሥራ ሁለቱ አንዳቸውም ትዝ አላሉኝም። ትዝ ያለኝ የማግሥቱ ጭብጨባ ነው።

ለይግባኙ ልመሰክር ነው። አስቀድሜ ላንተ ልንገርህ ብዬ ነው።

ብዙነህ

———

ድሬዳዋ፣ ጥር 9 ቀን 1978

ብዙነህ፤

አቦ አላልኩህም ዛሬ።

ልመሰክር ነው ትለኛለህ። መልካም። «ካሙን ከየት አመጣኸው?» ሲሉህስ? ያ ዕቃ ቀረጥ ያልተከፈለበት ነው። እዚህ በዚህ ወር ብቻ ሰፈራችን ሦስት ሰው በኮንትሮባንድ ተወስዷል፤ አንዱ ለአንድ ጎማ ነው። ያንተ ጉዳይ ላይ ደግሞ የሞተ ሰው አለ፣ የመንግሥት መኪና አለ። ኮንትሮባንድ ብለው ይጀምሩና አሻጥር ብለው ይጨርሱታል። ስድስት ልጆች አሉኝ። ታላቋ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትፈተናለች።

መስክር። አትመስክር አልልህም፤ ስለ ፈይሳ እንቅልፍ አጥቻለሁ እኔም። ግን ካሙን ሞጆ ላይ ከማላውቀው ሾፌር ገዛሁት በል። ሞጆ በየቀኑ ስንት ሾፌር ያልፋል! ማን ብለው ይፈልጉታል? አንድ ውሸት ነው የምለምንህ። አንተም ለዚህ አዲስ ሰው አይደለህም።

ይኸን የመጨረሻውን ልሰርዘው ብዬ ነበር። ይቅር፤ ተናድጄ እንደጻፍኩት ይድረስህ።

ሽኩር

———

ናዝሬት፣ ጥር 23 ቀን 1978

ለወንድሜ ለሽኩር፤

መልስ ያዘገየሁት ስለተቀየምኩ አይደለም። ያልከው ልክ ስለሆነ ምን ብዬ እንደምጀምር አጥቼ ነው።

ስምህን አልጠራም። የሞጆውን ሾፌርም አልፈጥርም። ከጠየቁኝ «ማን እንደሰጠኝ አውቃለሁ፣ አልናገርም፣ ለዝምታዬ የሚገባኝን ቅጡኝ» እላለሁ። እሱ ካላረካቸው ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም፤ ምን ያህል እንደምችልም አላውቅም። ይኸን የምልህ እንድትተማመንብኝ አይደለም፣ እንድትዘጋጅ ነው። ቤት ውስጥ ያለውን ዕቃ አንሳ። ይቅር በለኝ፤ ከዚህ የተሻለ የምሰጥህ አጣሁ።

ሐሙስ ዕለት ለምእመናኑ ነገርኳቸው። ከዚህ በኋላ እዚህ ቤት አንሰበሰብም አልኩ፣ ምክንያቱንም ጭምር። አንዲት የወንጂ አሮጊት አለች፣ ባሏ ሸንኮራ ቆራጭ የነበረ፣ በየሳምንቱ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ የምትመጣ። «እኔኮ የምመጣው ለወንበርህ አይደለም» አለችኝ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ወደ ማን ቤት እንደተዛወሩ እንዳይነግሩኝ ለመንኳቸው።

ከዚያ ፈይሳን ልጠይቅ ሄድኩ። በአምስት ወር ውስጥ የመጀመሪያዬ ነው፤ ይኸንንም ደብቄህ ነበር። ጠያቂው በአንድ በኩል፣ እስረኛው በሌላ በኩል፣ በመሃል ሽቦ፤ ሁሉም ይጮኻል። ሲያየኝ ፊቱ በራ።

«ጋሼ ብዙነህ! ምነው ዛሬ? ጋራዡ ተዘጋ እንዴ?»

«ልነግርህ የመጣሁት ነገር አለ።»

«ጮክ ይበሉ፣ እዚህ ምስጢር የለም!»

ጮክ አልኩ። ሽኩር፣ ያንን ነገር መጀመሪያ የተናገርኩት በጩኸት ነው፤ በግራዬ አንዲት ሴት ስለ በግ እየጮኸች፣ በቀኜ አንድ ሽማግሌ ስለ ሰርግ። ካሙን ነገርኩት። ሙከራውን፣ ወረቀቱን። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቁት?»

«ከነሐሴ ስምንት።»

«እኔ ያወጣኋት አሥራ አራት ነው።»

«አዎ።»

«ያን ጠዋት ቁልፉን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። በል ተደሰትባት አሉኝ።»

ይኸን ረስቼው ነበር። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ረስቼው ነበር። ተናግሬዋለሁ።

ከዚያ «ለክተዋታል?» አለኝ። ሾፌር ነው፤ ይኸን መጠየቁ አይቀርም። ስምንት ሰከንድ አልኩት። ሽቦው ላይ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያነሳ ቆጠረ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ዳገቱ ላይ እንዳለ። ሦስተኛው ጣት ላይ ቆመ።

«ስምንት አያስፈልገኝም ነበር» አለ። «ሦስት ይበቃኝ ነበር። የከባዱን መኪና ኮፈን በጎኔ አይቼዋለሁ። ሦስት ብትሰጠኝ ገብቼ ነበር።»

ሦስቱ የማን እንደሆነ ገና አልነገርኩትም ነበር። ልተወው እችል ነበር። ነገርኩት።

አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ምን ነበረበት። «ሎሚ ሰምታለች?» አለኝ። አልሰማችም አልኩት። «እኔ አልነግርልዎትም። ራስዎ ይንገሯት» ብሎኝ የመጠየቂያው ሰዓት ሳያልቅ ዞሮ ገባ።

ብዙነህ

———

ናዝሬት፣ የካቲት 5 ቀን 1978

ለወንድሜ ለሽኩር፤

በመጀመሪያ ይኸን እወቅና ተንፍስ፤ ስምህን ማንም አልጠየቀኝም። ካሙ ከየት እንደመጣ፣ ስንት እንደተገዛ፣ ማን እንዳመጣው፣ አንድም ሰው አልጠየቀም። ወር ሙሉ አንተና እኔ የተጨነቅንበት ጥያቄ ጭራሽ አልተነሳም። ዛሬ ጠዋት ለሁንዴ ስነግረው «እንዲያው በከንቱ አከሱት» አለኝ። ከስተሃል መሰለኝ።

ሁለተኛ፣ የፈይሳ ውሳኔ ለየካቲት 25 ተቀጥሯል። ፍርዱ ይለወጣል የሚሉ አሉ፤ እኔ አላውቅም። እኔ ዋስ ጠርቼ ወጥቻለሁ፣ ከከተማ እንዳልወጣ ታዝዣለሁ። ጋራዡ በር ላይ ያለው ዘበኛ ዛሬ አላስገባህም አለኝ። ልብሴን እንኳ ልውሰድ አልኩት፤ «ጓድ ብዙነህ፣ አታስቸግረኝ» አለ፤ አሥራ አንድ ዓመት የማውቀው ሰው ነው። ዋስ የሆኑኝ ሰው ማን እንደሆኑ ብነግርህ አታምንም፤ የወንጂዋ አሮጊት ታላቅ ወንድም ናቸው።

ሎሚን ከፍርድ ቤቱ በፊት በነበረው ማታ ሳይሆን በጠዋቱ ነው ያገኘኋት፤ ማታውን ፈርቼ አሳለፍኩት። የፍርድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ነገርኳት። «አንዳንዴ ያሉኝ ይኸን ነው?» አለችኝ። አዎ አልኩ። ልጇን ከጀርባዋ ወደ ፊት አዞረችና አቀፈችው፣ ከኔ እንደምትከልለው። ከዚያ ገብታ ሩቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

አሁን መጠየቅህ የማይቀረውን ልጻፍልህ፤ ምን አልክ ትለኛለህ።

ካም ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ለሎሚ ላስረዳት ይገባኝ የነበረውን ያህል አቅልዬ ነገርኳቸው። የሞተር ትንፋሽ በር ከፋች ነው፤ ይኸኛው ለሚሮጥ ሰው የተሠራ ነው፤ የኛ ሰው ግን ዳገት ላይ ነበር አልኩ። ሦስቱን ቁጥር ሰጠኋቸው፤ ሃያ አንድ፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሃያ ስድስት። ካሙ የወሰደውንና እጄ የወሰደውን ለየሁላቸው። ዐቃቤ ሕጉ «ጉልበቷ ጨምሯል የሚለው ፊርማ ያንተ አይደለም?» አለኝ። የኔ ነው አልኩ። ኃላፊው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ሳል ሳል ሲላቸው ይሰማኛል።

የመሃል ዳኛው ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸው ለስላሳ ነው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ደግ ሰው ይመስሉኛል፤ እስካሁንም ደግ ናቸው ብዬ ነው የማምነው።

«አቶ ብዙነህ» አሉኝ፣ ጓድ አላሉኝም። «እንግዲህ ይኸን ጉድለት ያወቁት መኪናዋ ከአደጋው በኋላ ለጥገና ወደ እርስዎ ስትመጣ፣ ፈትሸው ነው። እንዲያ ነው?»

ሽኩር፣ አዎ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ያን ብል የፈይሳ ነገር አይጎድልበትም ነበር፤ ቁጥሮቹ ያው ናቸው። እኔም የተሳሳተ፣ ኋላ ግን ፈልጎ ያገኘ ሐቀኛ ሠራተኛ ሆኜ ወደ ጋራዤ እመለስ ነበር። ጸሐፊው ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አስቀምጦ ይጠብቀኛል። የሎሚ ልጅ አንድ ቦታ ያለቅሳል። የሚጣደፍ ሰው የለም። ፈይሳን አየሁት፤ በሁለት ፖሊስ መሃል ቆሞ እኔን ሳይሆን መሬቱን ነው የሚያየው፤ ምን እንደምል የሚያውቅ ሰው ሆኖ ነው የቆመው፣ እና አዎ ስል እንዳያየኝ ዓይኑን የመለሰልኝ መሰለኝ።

«አይደለም» አልኩ። ጸሐፊው እንዲሰማ ደገምኩት። «አይደለም፣ ክቡር ፍርድ ቤት። ያወቅሁት ከአደጋው ስድስት ቀን በፊት፣ ነሐሴ 8 ቀን ነው። ለብቻዬ ነድቼ፣ ዳገቷ ላይ ስትተኛ ሰምቼ ነው። ሰምቼም ጉልበቷ ጨምሯል ብዬ ፈረምኩ። ነሐሴ 14 ጠዋት ቁልፉን ለፈይሳ በእጄ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ዳኛው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ለጸሐፊው «እንዳለው ጻፈው» አሉት። እስኪጽፈው ድረስ እዚያው ቆምኩ።

ብዙነህ